ዎከር የሚለው ስምና የአያቴ ጋቢ

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን ነበር። የማንቸስተር ሲቲን የቆየ ጨዋታ እየደገሙ ነው። ልጁ 12 ዓመቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ ነው። ድንገት ዞር አለና "ጋሼ፣ ካይል ዎከር እንዲህ እየበረረ ለምን 'ተራማጅ' ተባለ?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ስለ ኳስ ተጫዋች ላነብ ጀምሬ ስለ አያቴ ሳስብ አመሸሁ።

ዎከር ዛሬ ተራማጅ ማለት ይሁን እንጂ የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲወጣ ትርጉሙ ሌላ ነበር። ረጋጭ ማለት ነው። ጨርቅ ረጋጭ። በድሮ ዘመን እንግሊዝ አገር የሱፍ ጨርቅ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ልልና ቅባታም ነበር። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ውሃው ላይ የከረመ ሽንት ወይም ቅባት የሚመጥ አፈር ይጨመርበታል። ከዚያ ሰው ገንዳው ውስጥ ይገባና በባዶ እግሩ ለሰዓታት ይረግጠዋል። ሲረገጥ ክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል። ጨርቁ ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ብርድ አያሳልፍም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በውሃ ኃይል የሚሠራ መውቀጫ እየተስፋፋ መጣና የሰው እግር ቀስ በቀስ አረፈ። ስሙ ግን ቀረ።

ደስ ያለኝ ደግሞ ይሄ ነው። ይኸው አንድ ሥራ በየአካባቢው ስሙ ይለያያል። በሰሜን እንግሊዝ ዎከር፣ በደቡብ ምዕራብ ተከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር። ሦስቱም ጨርቅ ረጋጭ ናቸው። የኳስ ወዳጅ ሌላም ያውቃል፤ 260 የፕሪሚየር ሊግ ጎል ያለው አለን ሺረር። ሺረር ሸላች ነው። በግ የሚሸልት፣ ወይም የተረገጠውን ጨርቅ ጸጉር በትልቅ መቀስ የሚያስተካክል። ዌብና ዌብስተር ደግሞ ሸማኔ ማለት ናቸው።

እንግሊዞችም ዱሮ እንደኛ ነበሩ። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. ከመምጣታቸው በፊት አብዛኛው ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው። በኋላ በአንድ መንደር ጆንና ዊሊያም በዙ። ግብር ሰብሳቢው የትኛው ጆን እንደሆነ መለየት አለበት። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል ሰው በየስሙ ተመዘገበ። አንዱ ጆን የኮረብታው ነው፣ አንዱ የዊል ልጅ ነው፣ አንዱ ረጋጩ ነው። ቀስ እያለ ቅጽሉ ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ጀመር። ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ቢሆንም ዎከር ነው። የልጅ ልጁ ጨርቅ ረግጦ ባያውቅም ዎከር ነው።

እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። እኔ ሰይድ ይመር ሙሔ ነኝ። ልጄ ስሙን ሲጽፍ ሰይድ ይመር ብሎ ያቆማል፤ ሙሔ ይወድቃል። የእህቴ ልጅማ በአባቱ ስለሚጠራ ስሙ ውስጥ ሙሔ መጀመሪያውንም የለም። ወሎ ውስጥ ሰባት ቤት ቆጥረን እንናገራለን፤ ስንቆጥር መሐመድም ወልዴም በአንድ ሐረግ ይገኛሉ። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ክርስትና ሳይነሡ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ስማችን ሃይማኖታችንን ይናገራል። ሥራችንን ግን አይናገርም።

አያቴ ሙሔ ሸማኔ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ነበረው። እግሩን እዚያ ጨምሮ ቁጭ ይላል፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ጧ ጧ ይላል። ጋቢ ሲያልቅ ልጆቹን ሰብስቦ ቦርከና ይወስደናል። እንዶዱ ድንጋይ ላይ ይወቀጣል፣ አረፋው ይነሣል፣ እኛ ጋቢው ላይ ወጥተን እንረግጣለን። "በተረከዝ! በተረከዝ!" ይለናል። ስለዚያ እንግሊዛዊ ገንዳ ሳነብ ቀዝቃዛው የቦርከና ውሃ እግሬ ላይ ተሰማኝ።

አባቴ ግን የአባቱን ሥራ አይናገርም ነበር። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት "ቁጢት በጣሽ" እያሉ ሰድበውታል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ አለ፤ እሱ ከታወጀ ስንት ዘመን በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጽ ላይ የአባት ሥራ ሲባል "ገበሬ" ብሎ ይሞላ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያመኛል። ያ ሁሉ ሰው የለበሰውን የሠራ እጅ ነው የተደበቀው።

እሑድ ጠዋት ደወልኩለት። ስለ ዎከር ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። "እና እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራሉ?" አለኝ።

"አዎ አባ። ማሊያቸው ላይ ሳይቀር ተጽፏል።"

ትንሽ ቆየና የአያቴ መወርወሪያ እናቴ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። መኖሩን አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ሄደን አወጣነው። አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ሙልጭ ብሎ ለስልሷል። ልጁ የራሱን ጣት አስገብቶ ለካ። ከዚያ ደብተሩን አወጣና የሰባት ቤታችንን ስም አንድ በአንድ እያስነገረኝ ጻፈ። ሙሔ ጋ ሲደርስ "ጋሼ፣ ሸማኔ ብዬ ልጨምር?" አለኝ።

አባቴን እንዲጠይቅ ስልኩን ሰጠሁት።

"ጨምር" አለው።