ቡችላው የማንን ፊት ያያል?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልቤ ከብዶኝ ዋለ፤ ማታ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቡችላውን ሳስተውል ግን ሐሳቤ ሁሉ ወደ እሱ ሄደ። የፊት እግሮቹን ሶፋው ጠርዝ ላይ አሳርፎ፣ ከመዝለሉ በፊት የእያንዳንዳችንን ፊት በተራ ያይ ነበር። እኔን ሲያይ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጠፋቸው፤ ትንሿን ሲያይ ጅራቱ መወዛወዝ ጀመረ፤ እማማ ጭናቸውን መታ መታ ሲያደርጉለት ግን ሌላ ፈቃድ ሳይጠብቅ ዘሎ ወጣ።

ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ «ይሄ ቡችላ አስቸግሯል» ይላል። እኔ ግን ያስቸገረ አይመስለኝም። ሶፋ ላይ አይወጣም የተባለው ሕግ ማን ሲኖር እንደሚሠራ፣ ማን ሲኖር ደግሞ እንደሚሻር ጠንቅቆ ያወቀ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው።

መንከሱም ቢሆን ክፋት አይደለም። ቡችላ የሚያገኘውን ሁሉ የሚመረምረው በአፉ ነው፤ 28ቱ የወተት ጥርሶቹም ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ወር ጀምሮ እየወለቁ፣ 7 ወር ገደማ እስኪሞላው ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ስለሚተኩ፣ ድዱ እረፍት አይሰጠውም። ከእናቱ ሥር ሳለ ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ጥሎት ይሄድ ነበር፤ የአፉን ኃይል መመጠን የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። አሁን ያ ኃላፊነት የእኛ ስለሆነ፣ ጥርሱ ቆዳችንን ሲነካ ጨዋታው እንዲቆምና የሚያኝከው ነገር እንዲሰጠው ተስማምተናል። ትልቁ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ይታገለዋል፣ ሲነክሰውም ይስቃል።

አንዳንዴ የሚፈቀድ ነገር ሁልጊዜ ከሚፈቀድ ነገር የበለጠ ሥር ይሰዳል። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአይጦችና በርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ምግብ ያስገኝ የነበረ ድርጊት፣ ምግቡ ጨርሶ ከቀረ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ አሥር ጊዜ ከልክለን በአሥራ አንደኛው ስንሸነፍ፣ ለቡችላው የምናስተምረው ተስፋ አለመቁረጥን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የተኘከ ጫማ ሲገኝና ቁጣ ሲወርድበት አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን የሚያሸሽበት ሁኔታ ነው። «ጥፋቱን ያውቃል» ይባላል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ግን፣ ውሾች ይህን ገጽታ ይበልጥ የሚያሳዩት ሲቆጧቸው እንጂ በእርግጥ ስላጠፉ እንዳልሆነ አስተውላለች። ጫማው ከተኘከ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ቁጣን ቡችላው ከጫማው ጋር አያገናኘውም፤ የሚያየው የተለወጠ ፊታችንን ብቻ ነው። ማታ ሶፋው ጠርዝ ላይ ያደረገውም ይኸንኑ ነው፤ በዚህ ቤት ከሕጉ ይልቅ የሚያስተማምነው ፊት ሆኖበታል።

ልጆቹን አስረድቼ ማስማማት አይከብደኝም። የሚከብደኝ የእማማ ጉዳይ ነው። ቡችላው ከመጣ ወዲህ ማታ ማታ ከክፍላቸው ወጥተው ከእኛ ጋር ማምሸት ጀምረዋል፤ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ሲወስደው እጃቸውን ከጀርባው ላይ ሳያነሡ፣ እሱን እንዳይቀሰቅሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። በሌላ በኩል ይህ ቡችላ ነገ ትልቅ ውሻ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ክብደት የታመመ ጉልበታቸው ላይ ዘሎ ሲያርፍ ይታየኛል። እሳቸው ሲጠሩት ብቻ ይውጣ፣ ሳይጠራ ግን ለማንም አይውጣ የሚል ሕግ ብናወጣ፣ ውሻ ጥሪን ከጥሪ አልባነት መለየት ስለሚችል ሊማረው ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን እሳቸውም ሳይጠሩት ሲዘልባቸው ጭናቸውን ሲከለክሉት ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለእማማ በየትኛው አንደበት እነግራቸዋለሁ?