14 ዓመት ሠርቼ ግማሹን የፈታኋት መኪና

የመኪናዬን ትክክለኛ ክብደት ያወቅኩት ከገዛኋት ከ6 ዓመት በኋላ ነው። የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አወጣኋት። የናፍጣ ሰልባትዮው ሙሉ ነው፣ የውሃ ጀሪካኖቹ ሙሉ ናቸው፣ እኔና ጓደኛዬ ውስጥ ነን፣ ለጉዞ የምንጭነው ዕቃ ሁሉ ከኋላ አለ። ቁጥሩ 3,240 ኪሎ ላይ ቆመ።

"ሚዛኑ ሳይበላሽ አይቀርም" አለ ጓደኛዬ።

ወርደን እንደገና ወጣን። ያው 3,240። ፋብሪካው ከፈቀደላት ከፍተኛ ክብደት አልፋለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት የጣሪያ ድንኳን ለመግዛት ስጠያይቅ ነበር።

መኪናዋ 80 ሲሪዝ ላንድክሩዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1994 ሞዴል። ሞተሯ 1ኤችዜድ የሚባለው ነው። 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ ተርቦ (አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምረው) የለውም። ፈጣን አይደለችም፤ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሲያልፈኝ መልመድ ነበረብኝ። ግን የኮምፒውተር ጣጣ የለባትም። ፊትም ኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት)፣ አራቱም ጎማ ላይ ሞላ። እጁን ማፍታታት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መማሪያ ናት። ስህተትህን በዓይንህ ታየዋለህ፣ ቁልፍ ይዘህ ከሥር ትገባለህ፣ ትፈታዋለህ። እኔም ብዙ ፈትቻለሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ መኪናዋን ከፍ ማድረግ ነበር። 10 ሴንቲሜትር። ለምን 10 እንደመረጥኩ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ረጅም ሞላና ረጅም ሾክ ገዛሁ፣ ከጓደኛዬ ጋር በሁለት ቀን ገጠምን። ከፊቷ ቆሜ ሳያት ኩራት ነፋኝ። ከዚያ አስፋልት ላይ አወጣኋት። 80 ላይ ስደርስ መሪው መዋለል ጀመረ። ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ስመልሳት ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ጎማ ነው አልኩ፣ ባላንስ አስደረግኩ። የመሪ ሾክ ነው አልኩ፣ ወፍራም ገዝቼ ቀየርኩ። ምንም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ከሥር ለአንድ ደቂቃ ያህል አይተው ወጡ።

"ብስክሌት ነድተህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"የፊት ሹካዋ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው ወይስ ዘመም ብሎ?"

ዘመም ብሎ ነው። እጅህን ብትለቅ እንኳ ጎማው ራሱን የሚያቀናው በዚያ ዘመም ማለት ነው። መኪናም እንደዚያው ናት፤ ካስተር ይሉታል። የእኔን መኪና የፊት አክስል የያዙት ከሻንሲው ወደ ፊት የሚዘረጉ ሁለት ክንዶች ናቸው። አካሉን ወደ ላይ ስታነሳው ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ አክስሉም አብሮ ወደ ፊት ይሽከረከራል። 3 ዲግሪ አካባቢ መሆን የነበረበት ካስተር ሲለካ ዜሮ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ ስላዘነበለ፣ አክስሉ ራሱ ከመሀል ሸርተት ብሏል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል እንደ ክራር ክር ይወጠራሉ። ይሄኛው ያስደነገጠኝ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ላይ ቢበጠስስ? ጉልበቱን ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ፣ ካርዳኑም፣ አንግሉ ስለተበላሸ ያንቀጠቅጣል። ሁሉንም ለማስተካከል ዕቃ አለ፣ ገዝቼም ሞክሬያለሁ። አራተኛው ዓመት ላይ ግን 10 ሴንቲሜትሩን አውርጄ በ5 ሴንቲሜትር ተካሁት። ካስተሩን የሚመልስ ቡሽ፣ የሚስተካከል የጎን ዘንግ፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ። እስከ ዛሬ ያ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ የገባኝ ነገር ደግሞ አለ። ድንጋይ የሚመታው ዲፍሬንሻሉን ነው፤ አክስሉ ላይ ያለውን፣ ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያካፍለውን እብጠት። ሞላ አካሉን እንጂ ዲፍሬንሻሉን አያነሳውም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ። ከፋብሪካ የመጣው 275/70 አር16 ጎማዬ ቁመቱ 79 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ባለ 35 ኢንች ጎማ 89 ሴንቲሜትር ነው። ልዩነቱ 10 ሴንቲሜትር ነው፤ ዲፍሬንሻሉ የሚያገኘው ግን 5 ብቻ። የተቀረው 5 ከአክስሉ በላይ ነው፣ ፓራፋንጎህን ይፍቃል።

እኔም 35 ገጠምኩ። ጎማው ከ12 በመቶ በላይ ስላደገ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል እኔ በ112 እየሄድኩ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ጉልበት ነው። ትልቅ ጎማ ማለት ማርሹን ሁሉ ማርዘም ማለት ነው። ድሮም ያልፈጠነች መኪና አምስተኛ ማርሽ ጌጥ ሆነባት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተርቦ ያስገባል። አሰብኩበት፤ ግን ይህ ሞተር ያለ ተርቦ የተሠራ ነው። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ሳይኖርህ ናፍጣ ከጨመርክበት ፒስተን ልታቀልጥ ትችላለህ። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ፣ ተርቦ ካለ እረግጠዋለሁ። ስለዚህ የዲፍሬንሻሉን ጥርሶች፣ ኮሮናና ፒኞን የሚባሉትን፣ ከ4.11 ወደ 4.88 ቀየርኩ፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳኑ 4.88 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የጎማውን ዕድገት ለማካካስ ሒሳቡ 4.6 ገደማ ነበር የሚለው፣ ለክብደቱ ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት። ፊትና ኋላ እኩል መቀየር አለባቸው፤ አለበለዚያ ፎር ዊል ስታስገባ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የኋላውን ራሴ ገጠምኩት። 4,000 ኪሎሜትር ሙሉ ሲያፏጭ ኖረ። የጥርሶቹ ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ ነው የሚስተካከለው፣ እኔ ደግሞ በጆሮ ነበር የገጠምኩት። የፊቱን ለባለሙያ ሰጠሁ፣ የኋላውንም እንደገና አሠራሁት።

አሁን በባለ 33 ኢንች ጎማ ነው የምሄደው። 4.88ቱን አልነካሁትም። ዳገት ላይ ደስ ትላለች፣ አስፋልት ላይ ትጮኻለች። ተስማምተናል።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቀን አሸዋ ላይ ተቀበርኩ። መኪናዋን በገመድ ጎትቶ የሚያወጣ ዊንች አለኝ፣ ግን የማስርበት ዛፍ የለም። ሁለት ሰዓት በአካፋ ቆፈርኩ። ምንም ያልተጨመረባት አሮጌ ፎር ዊል የሚነዳ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አካፋውን አየ፣ ጎማዬን አየ።

"ንፋሱ ስንት ነው?"

"38።"

"ወደ 18 አውርደው።"

በቁልፍ ጫፍ ቫልቩን እየተጫንኩ አራቱንም አስተነፈስኩ። ጎማው ተዘርግቶ አሸዋው ላይ ተኛ። በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ እንደ ቀልድ ወጣች። ሰውዬው እጁን አውለብልቦ ሄደ። ለጎማ፣ ለዊንች፣ ለሞላ ያወጣሁት ገንዘብ ዓይኔ ላይ መጣ። ጎማ ሲለሰልስ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፣ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ድንጋይ ላይም የመቀደዱ ዕድል ይቀንሳል። ኩርባ ላይ ግን ቀስ ማለት ነው፣ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ከመግባትህ በፊት መልሰህ መሙላት አለብህ፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል። በዚያው ወር ትንሽ የንፋስ መሙያ ገዛሁ። ከጨመርኩት ነገር ሁሉ ብዙ የሠራልኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ነው። ወንዝ ተሻግሬ ከመጣሁ ከሳምንት በኋላ የኋላ ዲፍሬንሻሉን ዘይት ልቀይር የታችኛውን ቡሎን ፈታሁ። የወረደው ዘይት አይመስልም፤ ወተት የገባበት ሻይ ነው። ለካ ዲፍሬንሻሉ ሲሄድ ውሎ ግሎ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይመጣል። መተንፈሻዋ አክስሉ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ቱቦ ቀጥዬ ወደ ላይ፣ ውሃ ወደማይደርስበት ወሰድኩት። የካምቢዮውንም እንዲሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ። ይህን ሳልሠራ ነው ጣሪያ ላይ 4 ፓውዛ የሰቀልኩት።

ስለ ፓውዛዎቹ ካነሳሁ የምናዘዘው አለኝ። ሽቦውን ከባትሪው ያለ ፊውዝ ነው ያወጣሁት፤ "በኋላ አስገባለሁ" ብዬ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽቦው ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ሲፈተግ ኖሮ ሽፋኑ አለቀ። እየነዳሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ኮፈኑን ስከፍት ሽቦው ቀልቶ ሌላውን ሽቦ ሁሉ እያቀለጠ ነው። የባትሪውን ተርሚናል በእጄ ነቅዬ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሽቦ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ አለው።

ፍሪጁም ሌላ ትምህርት ነበር። ሌሊት ሌሊት ይጠፋል። ባትሪው ሲለካ 12.4 ቮልት ነው፣ ደህና ነው። ፍሪጁ ጋ ስለካው 11.4። አንዱ ቮልት የት ገባ? ሽቦው ውስጥ። 1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ 6 ሜትር ሄዶ 6 ሜትር ሲመለስ፣ በ5 አምፔር አንድ ቮልት ይበላል። በ6 ካሬ ሚሊሜትር ተካሁት፣ ችግሩ አለቀ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ። በሉ ሳቁ።

ከሚዛኑ ቀን በኋላ ደብተር ያዝኩ። የሚገባም የሚወጣም ነገር ቀን፣ ኪሎሜትርና ክብደት ይጻፋል። መጀመሪያ የወጣው የብረት ፖርቶመጋላው ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለ ኪሎ ኩርባ ላይ እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማው። የኋላው የብረት ፓራውልት ሄደ። ዊንቹን በ11 ዓመት 6 ጊዜ ብቻ ተጠቅሜበታለሁ፤ ከስድስቱ አራቱ ለሌላ ሰው። ቢሆንም አላወጣሁትም፣ የብረት ገመዱን ብቻ በሰው ሠራሽ ገመድ ቀየርኩት። ይቀላል፣ ቢበጠስም እንደ ብረቱ አይገርፍም። ስለ መጎተት ካነሳን፦ ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ላይ ገመድ አስራችሁ የተቀበረ መኪና አታውጡ። ኳሱ ሲሰበር እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው፣ ሰው ገድሏል። ሻንሲው ላይ በወፍራም ቡሎን የታሰረ መያዣ ይኑራችሁ።

ባለፈው ወር እንደገና መዘንኳት። 2,860። ጓደኛዬ አሁንም ሚዛኑን አላመነም።

አሁን የቀረኝ ዝገት ነው። የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ሥር ገብቶ ቆርቆሮውን በልቶታል፣ ዝናብ ሲዘንብ ግራ እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። መስታወቱ መውጣት፣ ቆርቆሮው ተቆርጦ መበየድ አለበት። ለጊዜው ከምንጣፉ ሥር ፎጣ አድርጌያለሁ። ደብተሩ ላይም ጽፌዋለሁ፦ ፎጣ፣ 200 ግራም፣ ሲረጥብ 600።