የእማዬ ክፍል ቀለም

ሁለት ካርቶን ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ መዞር ከጀመርኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው።

እማዬ ከእኛ ጋር ልትኖር ነው። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የምታሳልፈው እዚያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ቀለሙን እንዲያው በችኮላ መምረጥ አልሆነልኝም። ሁለት ቀሩኝ። ሁለቱም ነጣ ያሉ ናቸው። ካታሎጉ ላይ ያየ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ይምላል። ብርሃን የሚመልሱበት መጠን እንኳ የተቀራረበ ነው። ድፍን ጥቁር 0፣ ድፍን ነጭ 100 በሚባልበት መለኪያ አንዱ 74፣ ሌላው 72።

ትልልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀባኋቸው። አንድ እጅ ብቻ ከሆነ የሥሩ ያሳብቃል። ደግሞ እስኪደርቁ ጠበቅሁ፤ እርጥብ ቀለም አይታመንም።

ጎን ለጎን ሳቆማቸው ልዩነቱ ፍጥጥ አለ። ግራው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ቀኙ ወደ ሮዝ። ሁለት ቀን ሙሉ ግራውን ጠላሁት። በሦስተኛው ቀን ቀኙን ሳሎን ወስጄ ግራውን ብቻውን አልጋው ራስጌ አስደገፍኩት። አረንጓዴው የት እንደገባ እንጃ! ረጋ ያለ፣ ወተት የመሰለ ቀለም ሆኖ ቁጭ አለ። ለካ እንዲያ ያስመሰለው ጎረቤቱ ነበር።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሬልም የገጠመው ይኸው ነው። የግድግዳ ጌጥ በሚሸመንበት የፓሪሱ ጎብለን ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል ቅሬታ መጣበት። ቢመረምር ማቅለሚያው ደህና ነው። ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ቀለሞች ነበሩ። ይህን በ1839 እ.ኤ.አ. በሰፊው ጽፎታል።

እማዬም የምትኖረው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ቀን ሰጠኋቸው። ደመና ባለበት ጠዋት ግራው ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ እውነቱን ለመናገር ያኔ ቀኙ ይበልጠዋል። ማታ ግን ነገሩ ተገለበጠ። 2700 ኬልቪን የሚለውን ቢጫማ አምፖል ሳበራ ቀኙ ኮክ መሰለ። ዓይን ውስጥ ይገባል።

ትናንት እማዬ መጣች። ምንም ሳልነግራት ተራ በተራ አሳየኋት። ቀኙ ላይ እጇን ለጥፋ ቆየችና «ይሄ ያፈጥብኛል ልጄ» አለች። ግራው ሲመጣ ምንም አላለችም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስባ ተቀመጠች።

ቀቢው ቅዳሜ ይመጣል። ኮርኒሱን ድፍን ነጭ ላድርገው ብሎኝ እሺ ብዬው ነበር። ማታ ተኝቼ ትዝ አለኝ። ከጎኑ ድፍን ነጭ ከመጣ ያ አረንጓዴ ተመልሶ ብቅ ሊል ነው። ዛሬ በጠዋት ደወልኩለት፤ ኮርኒሱም በዚሁ ቀለም ይሁን።