ቲቸር፣ እርግጠኛ ነዎት?

ቀን ቀን ሂሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ዊዛርድ ነኝ። ሁለቱን ሥራ ለየብቻ ይዤ ደህና እኖር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ተጋጩብኝ፤ ያውም ሰው ፊት።

ለማያውቅ፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ አለ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ዲኤም እንለዋለን። ሌሎቻችን የየራሳችንን ገጸ ባሕርይ ይዘን እንገባበታለን። ያሰብከውን ትናገራለህ፣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትወረውራለህ፣ ከዚያ ወይ ጀግና ትሆናለህ ወይ መሳቂያ። እኔ የቱ እንደሆንኩ ትደርሱበታላችሁ።

ታዲያ እኛ ጋ ሰው የሚጣላው ከጭራቅ ጋር አይደለም። "ከአስማተኞቹ የትኛው ይበልጣል?" በሚለው ነው። የእኔ አቋም የታወቀ ነው። ዊዛርድ! ዊዛርድ አንብቦ ነው ያገኘው። አስማቱን ከመጽሐፍ ቁጭ ብሎ ያጠናል፤ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን መርጦ ያዘጋጃል። በእኛ ቋንቋ የትምህርት ዕቅድ ያወጣል ማለት ነው። ሶርሰረር ግን ከአስማቱ ጋር አብሮ ነው የተወለደው። ሳያጠና መቶ ከመቶ የሚያመጣ ተማሪ በሉት፤ ደስ አይልም። ዋርሎክ ከሆነ ስውር ኃይል ጋር ውል ተፈራርሞ ነው ኃይል የሚያገኘው። እሱን ኮርጆ ያለፈ በሉት። ባርድ በዘፈንና በምላሱ ይኖራል፤ ስድቡ ራሱ ሰው የሚያቆስል አስማት ነው። ድሩይድ ደግሞ ሲፈልግ ድብ ይሆናል። ድብ መሆን በሚፈልግ ሰው ላይ አስተያየት የለኝም።

ይህንን ንግግር በየሳምንቱ አደርጋለሁ። ዋርሎክ የሚጫወተው ጓደኛዬ በቃሉ ይዞታል።

ክለሪካችን ደግሞ፣ ማለትም በአምላክ ኃይል ቁስለኛ የሚፈውሰው፣ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። አሁን ሥራ ይዟል፣ ጢም አብቅሏል፤ እኔን ግን ዛሬም ቲቸር ነው የሚለኝ። "ኧረ እዚህ ጓደኛሞች ነን፣ አንተ በለኝ" ብለው፣ "እሺ ቲቸር፣ አንተ እልዎታለሁ" አለኝ። ተውኩት።

የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም ነው። በዚህ እትም ዊዛርድ አምስተኛ ደረጃ ሲደርስ ፋየርቦል መማር ይችላል። ፋየርቦል ማለት በጣትህ ትጠቁማለህ፣ ትንሽ ብልጭታ ትሄዳለች፣ ከዚያ ድው! እሳቱን የምትሠራው ከሌሊት ወፍ ኩስና ከድኝ ነው። ከኩስ ጀምሮ እዚህ የሚደርስ ሌላ ሙያ ካለ ንገሩኝ። ወራት ጠብቄ ባለፈው ቅዳሜ አምስተኛ ደረጃ ገባሁ።

የእኔ ዊዛርድ ደግሞ መጪውን የሚያይ ዓይነት ነው። በየማለዳው ሁለት ዳይስ አስቀድሞ ይወረውርና ቁጥሮቹን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። የዚያን ቀን 19 እና 2 ወጣልኝ። 19ኙን ገና በጠዋቱ ባርዷ ከአንድ በር ጠባቂ ጋር ስትከራከር ለእሷ ሰጠኋት። 2 ቀረችኝ። ይህችን ያዙልኝ።

አዳራሽ ውስጥ ገባን። ሰባት ጎብሊን የሚባሉ ትንንሽ ጭራቆች ከነአለቃቸው አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳምንት ስንፈልገው የከረምነው የሞተ ዊዛርድ የአስማት መጽሐፍ ተቀምጧል። የምንፈልገው ስል የምፈልገው ማለቴ ነው። አንድን አስማት ወደ ራስህ መጽሐፍ ለመገልበጥ በየደረጃው 50 ወርቅና ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ለዚሁ 300 ወርቅ አጠራቅሜ ነበር።

ባርዷና ዋርሎኩ ፊት ለፊት እየተዋጉ ነው። ተራዬ ደረሰ። እርሳሴን አነሳሁና የካርታውን ካሬዎች በጫፏ እየነካሁ ቆጠርኩ። አንዱ ካሬ አምስት ጫማ ነው። ፋየርቦል 20 ጫማ። ስለዚህ አራት ካሬ። መሐሉን ጠረጴዛው ላይ ካደረግኩት ሁለት ወደዚህ፣ ሁለት ወደዚያ። ጓደኞቼ ሦስተኛው ካሬ ላይ ናቸው፤ አይነካቸውም። እኔ አራተኛው ላይ ነኝ፤ እኔንማ ማን ይነካኛል!

"እዚህ" አልኩ፣ እርሳሷን ተክዬ።

ዲኤሙ ቀና ብሎ አየኝ። "እርግጠኛ ነህ?"

ይህንን ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ያውቃታል። ዲኤም "እርግጠኛ ነህ?" ካለ "ተው" ማለቱ ነው።

"ቲቸር፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለ ክለሪኩም።

"ሂሳብ ለእኔ ነው የምታስተምሩት?" አልኩ።

አዎ፣ ብያለሁ። አራት ሰው ሰምቷል።

ስምንት ዳይስ አንድ ላይ ለቀቅኩ። 6፣ 5፣ 5፣ 4፣ 4፣ 4፣ 3፣ 3። ሠላሳ አራት! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጎብሊኖቹ ከነአለቃቸው ዓመድ ሆኑ። እጄን አጣምሬ ጭብጨባ ስጠብቅ ዲኤሙ መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረና ጣቱን አንዲት ቃል ላይ አሳረፈ።

ዝም አልኩ። ሁሉም ዝም አለ።

"ቲቸር..." አለ ልጁ ቀስ ብሎ፣ "ሬዲየስ ነው የሚለው።"

ክው አልኩ። ሃያ ጫማ ሬዲየስ ከሆነ አራት ካሬ ወደዚህ፣ አራት ካሬ ወደዚያ ነው። ስፋቱ ያሰብኩት አራት እጥፍ። ይህን የሚሳሳተው ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደለም። ነገር ግን ይህ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እያለ የክብ ስፋት ፈተና ላይ እቅጩን ይህንኑ ተሳስቶ ነበር። ከአሥር ሁለት ቀነስኩበት፤ በቀይ እስክሪብቶም "ሬዲየስና ዲያሜትር አንድ አይደሉም!! ወላጅ ይዘህ ና" ብዬ ጻፍኩበት። ወላጅ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ዛሬ ሳስበው አይገባኝም። እናቱ መጡ። ስለ ሬዲየስ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው።

አሁን ያ ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ከንፈሩን ነክሷል።

እሳቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ዘወር ለማለት ዳይስ ይወረውራል፤ ከተሳካለት ግማሹን ብቻ ይቃጠላል። ባርዷ ፈጣን ናት፣ 17 ብቻ ደረሳት። ዋርሎኩ 24 ነፍስ ቀርቶት ነበር፤ 34ቱን ሙሉ ጠጥቶ ተዘረረ። እኔ ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ። የዊዛርድ ሙሉ ጤና ግን 27 ነው። ስድስት ወጣልኝ። ተዘረርኩ።

"መጪውን አያለሁ ትል አልነበር?" አለች ባርዷ። በእጄ የቀረችው ያቺ 2 ናት። እሷን ለራሴ ብጠቀም ደግሞ ይብስ ነበር።

ለካ ክለሪኩ እሳቱ አልነካውም። "ቲቸር እርሳስ ሲያነሱ ሦስት ካሬ ወደ ኋላ ሄድኩ" አለ። ስቆጥር ማየቱ በቅቶታል።

"አንድ ነገር ቀርቷል" አለ ዲኤሙ። "ሰው ያልያዘው፣ ሰው ያልለበሰው፣ የሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ይነዳል። ያንን መጽሐፍ የያዘው አለ?"

የያዘው አልነበረም። ሦስት ሳምንት። 300 ወርቅ። የኔ መጽሐፍ ብቻ ብብቴ ሥር ስለነበር ተረፈ፤ ገጹ ላይ "ሬዲየስ" የሚለው ቃል እንዳለ።

ክለሪኩ የቀረው አንድ የማከሚያ አስማት ነበር። ለማን? ለዋርሎኩ ሰጠው፣ ያ ኮርጆ አላፊ ብዬ ለማላግጥበት። እኔ የሞት ዳይሴን ወረወርኩ። ከ10 በታች ሦስቴ ከወጣ አልቆልሃል። ሁለቴ ወጣ። ከዚያ ልጁ መጣና ሕይወትን ብቻ በምታቆየው ትንሿ አስማት ነካኝ። አልሞትኩም፤ አልነቃሁምም። በሕጉ መሠረት የምነቃው በባለ አራት ገጽ ዳይስ የወጣውን ያህል ሰዓት ቆይቼ ነው። አራት ወጣ።

ስለዚህ ጨዋታው እስኪያልቅ በድን ሆኜ ተቀመጥኩ። ምክር ለመስጠት አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ራስህን ስተሃል፣ ዝም በል" ይሉኛል። ዋርሎኩ ደረጃውን ሁሉ በእግሬ ይዞ ጎተተኝ። በየደረጃው ጭንቅላቴ ሲመታ ድምፁን ራሱ እያወጣ ነበር፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ደረጃው ረጅም ነበር።

ዊዛርድ አሁንም ይበልጣል፤ ይህንን አልለውጥም። ክለሪክን በተመለከተ ግን ትንሽ ለዘብ ብያለሁ።

ስንበተን ወረቀቴን ለመሰብሰብ ጎንበስ አልኩ። የገጸ ባሕርዬ ወረቀት ላይ፣ ከስሜ አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ 8/10 ተጽፏል። ከሥሩ አንድ ክብ ተስሏል፤ መሐሉ ላይ ነጥብ፣ ከነጥቡ እስከ ጠርዙ አንድ መስመር። ከመስመሩ ሥር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ሬዲየስና ዲያሜትር አንድ አይደሉም!! ወላጅ ይዘው ይምጡ።"