ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታክሲዬ ውስጥ የነበረው ሰውዬ

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በፈረንጆቹ 2003 ነው። መኪናዋን የተከራየሁት ከአንድ የአገሬ ሰው ነበር። አገር ቤት ለብዙ ዓመት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው መሪውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ሬዲዮው 630 ኤኤም ላይ ነበር። ጣቢያ ልቀይር እጄን ስሰድ ያዝ አደረጉኝ።

"ተወው። እንግሊዝኛህ እንዲፈታልህ ከፈለግህ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይህን ሰውዬ ስማ። ቃል አይበላም።"

"ስለ ምንድን ነው የሚያወራው ጋሼ?"

"እሱን ቀስ እያልክ ትደርስበታለህ። መጀመሪያ አነጋገሩን ስማ።"

ሰውዬው ራሽ ሊምቦ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በወግ አጥባቂ ሬዲዮ ከእሱ የሚስተካከል አልነበረም፤ ከ600 በላይ ጣቢያዎች ያስተላልፉት ነበር። እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ዩኒየን ስቴሽን ወረፋ ላይ ተሰልፌ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳሁ፣ የሚያወራኝ ሰው ማግኘቴን ነው። ታክሲ ብቸኝነት ነው። ተሳፋሪ ገብቶ ይወጣል፣ አድራሻ ይነግርሃል፣ ስልኩን ያነሳል። ቀኑን ሙሉ ከኋላህ ሰው ተቀምጦ የሚያነጋግርህ አንድም ላይኖር ይችላል። ይህ ሰውዬ ግን በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል።

ጋሼ እንዳሉት ነበር። ሌሎቹ ፈረንጆች ሲያወሩ ቃሉ ተያይዞ ያልፈኛል። እሱ ግን አንድ ሐሳብ ይጥላል፣ መልሶ ያነሳዋል፣ በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ይመታል። የያዘውን ወረቀት ማይክሮፎኑ አጠገብ ያንኮሻኩሸዋል፤ ወረቀቱን ያየሁት ያህል ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ዝም ይላል። ሬዲዮ ላይ ዝምታ እንደ ጥፋት ነው የሚቆጠረው። እሱ ሦስት አራት ሰከንድ ዝም ሲል እኔ ፍሬን ረግጬ ቀጣዩን ቃል እጠብቃለሁ። እንግዳ እምብዛም አያቀርብም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያግዘው ሌላ አቅራቢም የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ነው። ስልክ የሚደውሉት አድማጮች "ዲቶ!" ብለው ይጀምራሉ፤ "ሌሎቹ እንዳሉህ እኔም እንደዚያው" ማለት ነው፣ በየጥሪው ምስጋና ሲደጋገም ሰዓት እንዳይበላ።

ጉራው ግን መጀመሪያ ላይ በጣም አስደንግጦኝ ነበር። "ችሎታዬ ከእግዚአብሔር በውሰት የተሰጠኝ ነው" ይላል። "ፉክክሩ ሚዛን እንዲኖረው ግማሽ አእምሮዬን ወደ ኋላ አስሬ ነው የምናገረው" ይላል። ለጋሼ ሳነሳባቸው "ይሄ እኮ ፉከራ ነው" አሉኝ። "አያቴ ጎራዴ ይዘው ይሉት የነበረውን እሱ በማይክሮፎን ይለዋል። ፎካሪ ራሱን የሚክበው የቆመው ሕዝብ እንዲሞቀው ነው።" ከዚያ በኋላ ስሰማው ገባኝ። ሚዙሪ ውስጥ የእርሻ መኪና የሚነዳው ገበሬም፣ ጋራዥ የሚሠራውም አብሮት ይፎክር ነበር።

ታሪኩን ያነበብኩት ቆይቼ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤን የነካው እዚያ ላይ ነው። ኬፕ ጂራርዶ በምትባል የሚዙሪ ከተማ በ1951 ተወለደ። አባቱም አያቱም ጠበቆች፣ አጎቱ የፌዴራል ዳኛ። እሱ ግን ኮሌጁን በዓመቱ ጥሎ ሬዲዮ ገባ። ያውም በራሱ ስም አይደለም። ገና ተማሪ ሳለ "ራስቲ ሻርፕ" ነኝ ይል ነበር፤ ፔንሲልቬኒያ ሲሄድ "ጄፍ ክሪስቲ" ሆነ። ከአንዱ ጣቢያ ተባረረ፣ ከሌላውም ተባረረ። በ1979 ሬዲዮውን ትቶ ለካንሳስ ሲቲ የቤዝቦል ቡድን ትኬት የሚያሻሽጥ ሠራተኛ ሆነ። እኔም መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቦታ ስሜን መጥራት ከበዳቸውና ሌላ ስም ሰጥተውኝ ሁለት ዓመት በእሱ ተጠራሁ። በሌላ ሰው ስም "አቤት" ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ሰው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ በ1984 ሳክራሜንቶ ገብቶ፣ በገዛ ስሙ የልቡን ሲናገር ነው ሰው የሰማው።

ከዚያ በኋላ ጊዜውም ረዳው። ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሱ ተቃራኒውንም ወገን እንዲያሰሙ ያስገድድ የነበረው መመሪያ በ1987 ተሻረ። ሙዚቃው ወደ ኤፍኤም ሄዶ ኤኤም ጣቢያዎች ባዶ ሊቀሩ ደርሰው ነበር። በነሐሴ 1988 ከኒውዮርክ ለመላው አገር ሲጀምር ፕሮግራሙን ለጣቢያዎቹ በነፃ ሰጧቸው፤ በምትኩ የማስታወቂያ ደቂቃ ወሰዱ። 56 ጣቢያ ይዞ የተነሳው በዚህ መንገድ ተባዛ። በ1994 ሪፐብሊካኖች ከአርባ ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲያሸንፉ አዲሶቹ ተመራጮች የክብር አባላቸው አደረጉት።

አንድ ቀን ከዩኒየን ስቴሽን አንድ ሽማግሌ ጫንኩ፤ አሌክሳንድሪያ ነው የሚሄዱት። ሬዲዮውን ሲሰሙ ወደ ፊት ተጠጉ። "አንተም ትሰማዋለህ?" አሉኝ። አዎ ስላቸው ፊታቸው በራ። እሳቸው በነበሩበት ከተማ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ምግብ ቤቶች በምሳ ሰዓት "የራሽ ክፍል" ይከፍቱ እንደነበር፣ ሰው ሳህኑን ይዞ ተቀምጦ አንድ ላይ ይሰማ እንደነበር አጫወቱኝ። ቤታቸው በር ላይ ደርሰን አልወረዱም። "ይጨርስ" አሉ። ሞተሩን አጥፍቼ ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማን። ማስታወቂያ ሲገባ ሂሳቡን ከጉርሻ ጋር ሰጥተው እጄን ጨብጠውኝ ወረዱ። ያን ያህል ዘመን ስነዳ እጄን የጨበጠኝ ተሳፋሪ ትንሽ ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። ከእኔ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤት ይኖር የነበረ ልጅ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም። በ2007 ሴኔቱ ውስጥ ሕገወጥ ተብለው ለሚኖሩ ወደ 12 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መንገድ ይከፍታል የተባለ ሕግ ቀርቦ ነበር። ልጁ በየማታው ዜና ይጠብቃል። እኔ ደግሞ በየቀትሩ ራሽ ሕጉን ሲያብጠለጥል እሰማለሁ። "ምሕረት ነው" እያለ፣ አድማጩ ለሴናተሩ እንዲደውል እየገፋፋ። እሱ ብቻ አልነበረም፤ የወግ አጥባቂ ሬዲዮ በሙሉ ተነሳ። ድምፅ በተሰጠበት ቀን፣ ሰኔ 28፣ የምክር ቤቱ ስልክ ከጥሪው ብዛት ተጨናነቀ። ሕጉ 46 ለ53 ወደቀ። ትሬንት ሎት የሚባሉት የራሽ የራሱ ወገን፣ የሪፐብሊካኖቹ ሴናተር እንኳ ከዚያ ቀደም ብለው አሜሪካን እየመራት ያለው የሬዲዮ ወሬ ነው ብለው ነበር።

ማታ ስገባ ልጁ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል። "ወደቀ አይደል?" አለኝ። ምሳዬን የበላሁት ከማን ጋር እንደነበር ልነግረው አልቻልኩም። በማግስቱ ለራሽ ስልክ ደወልኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ መስመሩ ተይዟል። ልነግረው ያዘጋጀሁትን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤው ነበር፤ ስለዚያ ልጅ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ወለል እንደሚያጥብ፣ በየወሩ ለእናቱ እንደሚልክ። ያን እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ራሱ ራሽ ነው። ሳይነሳልኝ ቀረ። ልጁ በዓመቱ ካናዳ ገባ።

ክፉ ነገር ተናግሯል፤ አልሸፍንለትም። በ2006 ማይክል ጄ. ፎክስ በፓርኪንሰን ሲንቀጠቀጥ አስመስሎ አላገጠበት። በ2012 ስለ ወሊድ መከላከያ በተናገረች የሕግ ተማሪ ላይ ለእናት የማይነገር ስድብ ወረደባትና ማስታወቂያ ሰጪዎች ጥለውት ሲሄዱ ይቅርታ ጠየቀ። በጥር 2009 ደግሞ ኦባማ ሥልጣን ሊይዙ ቀናት ሲቀራቸው "እንዲወድቅ እመኛለሁ" አለ። በዚያ ሳምንት ከተማው በሕዝብ ተጥለቅልቆ፣ ከአላባማ በአውቶቡስ የመጡ አሮጊቶች ታክሲዬ ውስጥ እያለቀሱ ነበር። ሬዲዮውን አጠፋሁ። እስከ ፋሲካ አልከፈትኩትም።

ለምን መልሼ ከፈትኩት? ያሳመነኝ ነገር ኖሮ አይደለም። ድምፁ ለምጄው ነው። በጥቅምት 2003 የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱሰኛ መሆኑንና ሕክምና መግባቱን በገዛ ማይክሮፎኑ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጆሮው ጠፍቶ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ መሣሪያ ተተክሎለት፣ የደዋዮቹን ንግግር ሠራተኞቹ እየጻፉለት ከስክሪን ላይ ያነብ እንደነበር ጋሼ ነግረውኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ስትሰማው ትከራከረዋለህ እንጂ አትለየውም። ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው፤ አብሮህ ይውላል።

ይህን የምጽፈው የኛን ሰው እያሰብኩ ነው። እዚህ ዲሲ አካባቢ ኤኤም ጣቢያ ላይ ሰዓት እየተገዛ የሚተላለፈውን የአማርኛ ሬዲዮ ስሰማ፣ በኋላም ዩቲዩብ ሲመጣ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን፣ የሚንኮሻኮሽ ወረቀት፣ "ማስረጃው በእጄ ነው"፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ "እነሱ"። ወዲያው አወቅሁት። ያሳዘነኝ ራሽ በየቀኑ ጋዜጣውን አገላብጦ፣ ተዘጋጅቶ፣ ቃሉን አጥርቶ ይመጣ የነበረውን ትተን ስድቡን መውሰዳችን ነው። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ባለ አንድ ፕሮግራም ምክንያት ሁለት ዓመት ዘግቶኛል። ክርስትና ላይ ተገናኝተን ጠላ ሲቀዳልኝ እንኳ ዓይኔን አላየም። እሱም እንደኔ ሾፌር ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው።

ራሽ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት በየካቲት 2020 ተናገረ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምክር ቤቱ ፊት የነፃነት ሜዳልያ ሸለሙት፤ ሜላኒያ አንገቱ ላይ ስታጠልቅለት ፂሙ ነጭ ሆኖ ነበር። እሱ ሕክምና ላይ ሲሆን ሌሎች ይተኩት ጀመር። የካቲት 17፣ 2021፣ ረቡዕ፣ ቀትር ላይ ሬዲዮውን ስከፍት የሴት ድምፅ ነው። ሚስቱ ነበረች። በዚያ ጠዋት ማረፉን ተናገረች።

መኪናውን ጥግ አስያዝኩና ለጋሼ ደወልኩ።

"ሰሙ ጋሼ?"

"እየሰማሁ ነው" አሉኝ። ከስልካቸው ውስጥ የእሳቸውም ሬዲዮ ይሰማኛል። አልዘጉም፣ እኔም አልዘጋሁም፤ ሴትየዋ ተናግራ እስክትጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን።