ሺአን ላይ ሐላል የሾርባ ባኦዚ የምበላው እንዲህ ነው

ቻይና ለትምህርት የመጣን አሳማ የማንበላ ልጆች የሾርባ ባኦዚ ሲነሳ ዝም ነው የምንለው፣ ያ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ውስጡ ስጋና ትኩስ ሾርባ ያለው ነገር። ሻንጋይ ላይ ስሙ የገነነው ሺያኦሎንግባኦ የአሳማ ነው፣ የሸርጣን ነው ቢሏችሁ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አብሮ አለበት፣ ሾርባው ራሱ የሚመጣው ከተቀቀለ የአሳማ ቆዳ ስለሆነ ስጋውን ትቶ ሾርባውን መጠጣት የሚባል ነገር የለም። እኔም ለኔ አልተፈጠረም ብዬ ትቼው ነበር፣ ሺአን እስክመጣ ድረስ ማለት ነው።

ሺአን በድሮ ስሟ ቻንግአን የምትባል ከተማ ናት፣ የሐር መንገድ የሚሉት የጥንት የንግድ መስመር መነሻ። በዛ መንገድ ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ዘራቸው የሚያያዝ ሁዊ የሚባሉ ሙስሊሞች ከከበሮ ማማው ጀርባ ያለው ሰፈር ውስጥ ይኖራሉ፣ እዛ ባኦዚው የበሬና የበግ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። በጣም የታወቀው ጂያ ሳን የሚባለው ቤት ነው ግን በየጉራንጉሩ ትንንሽ ቤቶች ሞልተዋል፣ እኔ የምወደው እነሱን ነው። አሠራሩ ደሞ ለኛ አዲስ አይደለም፣ የቅልጥም መረቅ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር እንዴት እንደሚረጋ ታውቁታላችሁ አይደል፣ በቃ እንደዛ የረጋውን የአጥንት መረቅ ከተፈጨው ስጋ ጋር ቀላቅለው ሊጡ ውስጥ ያጥፉታል፣ እንፋሎት ሲመታው ቀልጦ ሾርባ ይሆናል።

የምሄደው ብዙ ጊዜ ጁምዓ ሰግጄ ነው። ትልቁ መስጂድ እዛው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ጉልላት የለው፣ ጣሪያው ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ የቻይና ጣሪያ፣ ግቢው በዛፍ የተሞላ፣ ያላየ ሰው መስጂድ ነው ብሎ አይገምትም። ከሶላት በኋላ ምግብ ቤቶቹ ሰው በሰው ናቸው፣ ጩኸቱ፣ ወለሉ እርጥብ፣ አስተናጋጆቹ ባኦዚው በእንፋሎት የሚበስልበትን ቅርጫት ደራርበው በመሃላችሁ ሲሹለከለኩ፣ ግን እኔ ሆን ብዬ ነው በዛ ሰዓት የምሄደው፣ ምክንያቱም ሰው በሚጋፋበት ሰዓት ባኦዚው ከእሳት ወርዶ ቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ግን ተቀምጦ የቆየ ሊመጣላችሁ ይችላል።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ይዘዝና ይክፈል፣ ክፍያው በስልክ፣ በዊቻት ወይ በአሊፔይ መተግበሪያ ስካን ነው፣ ሌላው ወንበር ይያዝ። ኑ ተቀመጡ የሚል ሰው የለም፣ ሊጨርሱ የተቃረቡ ሰዎች አጠገብ ሄዶ መቆም ነው፣ እኛ አገር ነውር ይመስላል እዛ ግን ማንም አይከፋውም። ለማዘዝ የበሬ ኒዩሮው፣ የበግ ያንግሮው ማለት ይበቃል። አንዴ ብዙ አትዘዙ፣ አንድ ቅርጫት ጨርሳችሁ ሌላ ጨምሩ፣ ሊጡ ሲቀዘቅዝ ሾርባውን ይመጠዋል፣ ቅርጫቱ ላይም ይጣበቅና ስታነሱት ይቀደዳል።

አበላሉን ያሳዩኝ ጠረጴዛ የተጋራኋቸው የሁዊ እናት ናቸው። ሰላም ዐለይኩም ብዬ ስቀመጥ ፊታቸው በራ፣ ከየት ነህ አሉኝ፣ ኢትዮጵያ አልኳቸው፣ ከዛ በኋላ ወላሂ እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። ናይናይ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ አያት እንደማለት። ቾፕስቲኩን ከሊጡ እጥፋት ሥር፣ አናቱ ላይ ያዙና ቀስ ብለው ነቀነቁት፣ ከሥሩ ሲላቀቅ ሾርባው ወደ ታች ወርዶ ሊጡ ከረጢት ሆኖ ተንጠለጠለ፣ ከስሱ ሊጥ ውስጥ ሾርባው ሲወዛወዝ ይታያል። ማንኪያ ላይ አስቀመጡት፣ ጎኑን በትንሹ ነከሱ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠበቁ፣ ሾርባውን መጠጡ፣ ከዛ በኋላ ነው ኮምጣጤና የሚጥሚጣ ዘይት ያፈሰሱበት። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፣ መጀመሪያ ኮምጣጤ ካደረጋችሁ የመረቁን ጣዕም አታገኙትም፣ ሙሉውን አፋችሁ ውስጥ ከከተታችሁት ደሞ ምላሳችሁን ነው የሚልጠው። ጎን ለጎን ባባኦ የሚሉት ቀጠን ያለ ጣፋጭ የሩዝ ገንፎ ይጠጣል፣ የሚጥሚጣውን ቃጠሎ ያበርዳል።

ክርስቲያን ጓደኛዬ በእርዱ ምክንያት ስጋውን አይበላም፣ ግን አብሮኝ ይመጣል፣ ሊያንግፒ የሚባለውን ቀዝቃዛ ኑድል ያዛል፣ ስጋ የሌለው ስለሆነ ለጾም ጊዜም ይሆነዋል። ስለዚህ ተቀላቅላችሁ የምትሄዱ ከሆነ አትጨነቁ።

ለመሄድ በሜትሮ መስመር 2 ደወል ማማው ጋ ወርዳችሁ በከበሮ ማማው በኩል ግቡ፣ ዋናው መንገድ ግን የቱሪስት ነው። የሰፈሩ ሰው የሚበላበትን የምትፈልጉ በመስመር 1 ሳጂንቺያኦ ጣቢያ ውረዱ። ይዤ ልሂድ ብላችሁ ደሞ አታስጠቅልሉ፣ የበሬ ስብ ዶርም እስክትደርሱ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ እዛው ቁጭ ብላችሁ ብሉት።