የ?ይሉ ልጆች

ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ዝናቡ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ እኔ ብቻ ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ፣ ማለትም ደንበኞች ገና ያልከፈሉን ዕዳ ላይ፣ ተጥጄ ቀርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰኝ ነው የዋለው። በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል፤ ሰው ዕድሜውን በመስከረም ይቆጥራል፣ እኔ ግን ሐምሌ 1 ቀን ነው አንድ ዓመት የምጨምረው።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የባንክ ገቢ ደረሰኝ አለ። 18,400 ብር። ተላላኪው በዝናብ መሀል ይዞት ስለመጣ የከፋዩ የራሱ ስም ታጥቦ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። የተረፈው የአባቱ ስም ብቻ ነው፦ ኃይሉ።

የእኔም አባት ስም ነው። መጀመሪያ ግን ልብ አላልኩትም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

የደንበኞችን ዝርዝር ወደ ኤክሴል አውጥቼ ማጣሪያው ላይ *ኃይሉ ብዬ ጻፍኩ። ኮከቡ «ከፊት ማንም ይሁን፣ ደንታ የለኝም» ማለት ነው። ሦስት ሰዎች መጡ፤ የሦስቱም ሂሳብ ንጹሕ ነው፣ ዕዳ የለባቸውም። ያን ጊዜ እነዚህን ስሞች ከእኔ በፊት የነበሩ አራት ሰዎች እየተፈራረቁ እንደ መዘገቧቸው ትዝ አለኝ። አንዷ ሀይሉ ትላለች፣ አንዱ ሃይሉ፣ ሌላዋ ሐይሉ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ማሽኑ ግን ጆሮ የለውም። ኮምፒውተር ክፍል ያለው ልጅ አንድ ቀን ቁጥራቸውን አሳይቶኛል። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሃሌታው ሀ 4608 ሲሆን፣ የብዙኃኑ ራብዕ ኃ 4739 ነው። በመካከላቸው 131 ቁጥር አለ። እኔና አንተ ምንም ልዩነት የማንሰማበት ቦታ ላይ!

ስለዚህ *?ይሉ አልኩት። ጥያቄ ምልክቱ እንደ ኮከቡ ግዴለሽ አይደለም። «እዚህ ጋ አንድ ፊደል አለ፣ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም» ነው የሚለው። አንድ ፊደል ብቻ፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ለእኛ አጻጻፍ የተሠራ ይመስላል፤ ሀውም፣ ሐውም፣ ኃውም አንድ ቦታ ነው የሚይዙት።

11 ሰዎች መጡ። 11 የኃይሉ ልጆች። እናቴ ብታይ ጉድ ይፈላ ነበር።

ልጁ እነዚህን ምልክቶች ዋይልድ ካርድ ይላቸዋል። ስሙ ከካርታ ጨዋታ የመጣ ነው፤ እንደ ጆከር በጎደለው ካርታ ቦታ የሚገባ። እኔ ለራሴ እገሌ ብያቸዋለሁ። እገሌ፣ እገሊት፣ ማንትስ፣ ምንትስ፤ እኛ ኮምፒውተር ሳይመጣ ጀምሮ ነበሩን። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ያቺ እዝባር ናት። ባለፈው ሳምንት አንዲት በወልደ የሚጀምር ስም ያላት ድርጅት ፈልጌ ወ/* ብል፣ ወ/ሚካኤልና ወ/ጊዮርጊስ ብቻ ሳይሆኑ በዝርዝሩ ያሉ ወ/ሮዎችና ወ/ሪቶች በሙሉ ተግተልትለው ወጡ። ወ/ ወልደ ትሁን ወለተም ጻፊዋ ብቻ ናት የምታውቀው። ገብረ* ስትል ደግሞ ገ/ ብለው የተመዘገቡት አንድም አይመጡም፤ ገ* ካልክ ገነትም ገዛኸኝም ይከተሏቸዋል።

ኮከቡን ከወደድኩት በኋላ ጉድ የሠራኝም ራሱ ነው። አምና የሽያጭ ክፍሉ ሰው ደረቅ ቼክ የሰጡ ደንበኞችን ስም አጠገብ ኮከብ እያደረገ ምልክት አበጅቶ ነበር። ዝርዝሩ ለውጭ ኦዲተር ሊሄድ ነውና ኮከቦቹን ላጥፋ ብዬ «ፈልግና ተካ» የሚለውን ከፈትኩ። የሚፈለግ፦ *። የሚተካ፦ ምንም። ሁሉንም። ገጹ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። 900 ደንበኛ፣ ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ዕዳቸው፣ ምንም የለም። እኔ የአንዲት ምልክት ስም የጠራሁ መስሎኛል፤ እሱ «ማንኛውንም ነገር አጥፋ» ብዬ እንዳዘዝኩት ነው የቆጠረው። ልጁን ስጠራው እየሮጠ መጥቶ «እትዬ፣ ምንም እንዳይነኩ!» አለና በሁለት ጣቱ ወደ ነበረበት መለሰው። ከዚያ ከኮከቡ ፊት ይህችን የተጠማዘዘች ሰረዝ አስቀመጠ፤ ~* ። «ይህ ኮከብ እገሌ አይደለም፣ ራሱ ኮከቡ ነው ማለት ነው» አለኝ።

እሱ ሲሄድ ትንሽ አለቀስኩ። ስለ ኦዲተሩ ነው ብዬ ነበር።

አባቴ መዝገብ ቤት ነበር የሠራው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይወስደኝ ነበር፤ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ፋይሎች፣ የአቧራና የሙጫ ሽታ። አንድ ሰው ይመጣና «ጌታዬ፣ የአጎቴን መዝገብ ነበር፤ የመሬት ክርክር ነው፣ ስሙ እንኳ በቸው የሚያልቅ» ይላል። አባቴ ጌታቸው ነው፣ በላቸው ነው ወይስ አንዳርጋቸው ብሎ አይጠይቅም። ጣቱን በምላሱ ነካ አድርጎ ይነሣል፣ መሰላሉን ያስጠጋል፣ ይወርዳል፣ ፋይሉን በጉልበቱ መታ መታ አድርጎ አቧራውን ያራግፍና ያኖርለታል። *ቸው ማለት ያን ጊዜ አባቴ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው በፊደል ቀልድ አያውቅም። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ ስሙን በሃሌታው ጽፈውት ሲያይ፣ «ኃይል በብዙኃኑ ነው» ብሎ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ አስቀይሮታል። እኔ አፍሬ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር።

እነዚህን 11 ሰዎች ሳያቸው የምቀናባቸው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ከመካከላቸው ወንዶቹ ስሙን ወደ ሦስተኛው ዓምድ ያሻግሩታል፤ የልጆቻቸው አያት ሆኖ ይቆያል። የእኔ ልጆች የሚጠሩት በአባታቸው ነው። ኃይሉ በእኔ በኩል ሁለተኛው ዓምድ ላይ ቆሟል፤ ከእኔ ኋላ የሚጻፍበት ቅጽ የለም። ወንድሜ አለ እንጂ ይላሉ። ወንድሜ ስሙን የሚጽፈው በሃሌታው ነው።

ወንድሜን ልወቅስ ስል ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ከአራት ዓመት በፊት ድንጋይ ቀራጩ በአባቴ መቃብር ሐውልት ላይ የሚቀረጸውን በወረቀት ይዞ መጥቶ «አይተው ይፈርሙልኝ» ያለው እኔን ነው። የቤተሰቡ ጸሐፊ እኔ ነኛ! የልደቱንና የዕረፍቱን ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መረመርኩ፣ ቁጥር ሥራዬ ነውና። ስሙን አላየሁትም። ስሙንማ ማን ይሳሳታል? ሀይሉ ይላል። በሃሌታው፣ በእምነ በረድ፣ በእኔ ፊርማ። የደንበኛ ስም ተሳስቶ ሲመጣ ጸሐፊዋን የምቆጣው እኔ ነኝ እንግዲህ።

አስቀይሪው ይለኛል አንዱ ሐሳብ። ሌላው ደግሞ ማን ሊያነበው ነው ይለኛል። ራሱ ቢሆን ኖሮ መዶሻ ይዞ ይሄድ እንደነበር አውቃለሁ።

ጥበቃው በሩን ቆረቆረ። «እትዬ፣ አልሄዱም እንዴ? አንድ ሰዓት አልፏል እኮ» አለኝ። እሺ ልወጣ ነው አልኩትና ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ደረሰኙ እዚያው ነው። ከምን እንደተነሣሁ እንኳ ረስቼው ነበር። 18,400 ብር። ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጌ አየሁት። ቀለሙ ደርቋል። አሁን ሳየው የመጨረሻዋ ፊደል ሉ ትሁን ሌ እርግጠኛ አይደለሁም።

ተቀመጥኩና *?ይ? ብዬ ጻፍኩ።

74 ሰዎች መጡ።